ጨዋታና ቁም ነገር በጓሮ አትክልት ክበብ

ባለፈው ክረምት የክበባችን የድንች መደብ በሽታ በላው ተብሎ ተመዝግቧል። በቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ይህ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ድንቹን የበላው በሽታው ከወሬያችን ጋር ተባብሮ ነው። ይህን ስንል የምንወቅሰው ሌላ ሰው የለም፤ ከወሬኞቹ መካከል የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ግንባር ቀደም ነበርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከመሣሪያ ቤቱ በረንዳ ሥር ለአንድ ሰዓት ይሰበሰባል። በዚያን ዕለት ስብሰባው የተከፈተው በእግር ኳስ ነበር፤ አርሰናል እንዲህ ሆነ፣ ማንቸስተር እንዲያ ሆነ። ከዚያ የታክሲ ዋጋ ተነሣ። ከታክሲ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሽሮ፣ ከሽሮው ወደ ምደባ ተሻገርን። ምደባ አንዴ ከተነሣ ደግሞ ሠልጣኝ ዝም እንደማይል አንባቢ ያውቀዋል። ከሱሉልታ የመጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ ሁለት ጊዜ እጁን አውጥቶ ሁለት ጊዜ አወረደ። ኋላ እንደነገረን ሊል የፈለገው ይህን ነበር፦ «የታችኞቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ጠቁሯል፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ነጭ ሻጋታ አለው።» ሰዓቱ ስላለቀ «ሳምንት ይነሣ» ተባለ። ሳምንት ስንመጣ ግን መደቡ ላይ የቀረው የጠቆረ አገዳ ብቻ ነበር።

ይህ በሽታ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት ነው። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል፤ ማለትም የእኛን ክረምት ይወዳል። ዘሩ በነፋስና በዝናብ ጠብታ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይጓዛል፤ አየሩ ከተመቸው አንድን መደብ በሳምንት ከዐሥር ቀን ውስጥ ያጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን የመታውና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀበትን ረሀብ ያስከተለው ይኸው በሽታ ነው። በደጋው አገራችን ብዙ ገበሬ ድንቹን በዋናው ክረምት ከመትከል ይልቅ በበልግ ወይም በመስኖ መትከል የመረጠው ይህንኑ ሸሽቶ ነው። ከአምቦ መንገድ ላይ ካለው የሆለታ የምርምር ማእከል የወጡት ጃለኔ (እ.ኤ.አ. 2002)፣ ጉደኔ (2006) እና በለጠ (2009) የተባሉት ዝርያዎች ሲለቀቁ በሽታውን በመቋቋም ጭምር ተመርጠው ነው። የኛ ዘር ግን ከገበያ የተገዛ፣ ስሙን የማናውቀው ነበር።

ያ ሠልጣኝ ቅዳሜ ዕለት ቢናገር ኖሮ ምን ይደረግ ነበር? የታመሙትን እግሮች ነቅሎ መቅበር፣ ለቀሪው ፀረ ፈንገስ መርጨት፣ ይህም ካልሆነ አገዳውን ከአፈር በላይ አጭዶ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከሥር ያለውን ድንች ማትረፍ ይቻል ነበር። ከዚህ ውስጥ አንዱም አልተደረገም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድንቹ የራሳችን ብቻ አለመሆኑ ነው። ለትምህርት ልምምድ ከምንሄድባቸው የሱሉልታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንዱ፣ ለተማሪዎቹ መደብ የሚሆን ዘር እንሰጣለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። መስከረም ላይ ባዶ እጃችንን ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ልጆቹ መደቡን ቆፍረው፣ ፍግ ነስንሰው፣ ዙሪያውን በድንጋይ አጥረው ነበር የጠበቁን።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ነገር ማንም የተቆጣ ኮሚቴ የሚያደርገውን ነው። ሕግ አወጣን። በስብሰባ ሰዓት ከአትክልት ውጭ የሆነ ወሬ ያነሣ ሰው አምስት ብር ይቀጣል ተባለ። ሐሳቡን የወሰድነው ከእድር ነው። በእድር ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ያረፈደ ይቀጣል፣ ሳይፈቀድለት የተናገረም ይቀጣል። ለእድር የሠራ ለኛም ይሠራል ብለን አሰብን።

ውጤቱ በቃለ ጉባኤ ላይ እጅግ ያማረ ሆነ። አጀንዳ አንድ፣ አጀንዳ ሁለት፣ ውሳኔ፣ ፊርማ። ስብሰባው በግማሽ ሰዓት ያልቅ ጀመር። ግን ከሠላሳ በላይ የነበርነው ሰዎች በሦስተኛው ወር ዐሥራ አንድ ቀረን። ከአጥር ማዶ ችግኝ ለመውሰድ ብቅ ይሉ የነበሩት የሰፈሩ እናቶችም ቀሩ። አንዷን መንገድ ላይ አግኝተን ለምን እንደቀሩ ብንጠይቃቸው፣ «ኧረ ልጆቼ፣ እናንተ ዘንድ እኮ ሰው ታሞ ቢሆን እንኳ አይጠየቅም» አሉን። ከዚህም በላይ የቀሩት ዐሥራ አንዱ ሰዎች ለስብሰባው ይዘውት የሚመጡት አዲስ ነገር ጠፋ። ለካ ዜና የሚመጣው ከጨዋታ ጋር ተጠቅልሎ ኖሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። (ይህችን ጽሑፍ ቆማችሁ ስለምታነቡ ቆም በሉ ማለታችን ለአፍ ያህል ነው።) የእድር ሕግ ለኛ ያልሠራው ለምንድን ነው? በኛ ግምት የእድር ጉዳይ ገንዘብና ሐዘን ስለሆነ ነው። ሰው ወደ እድር የሚመጣው ቢወድም ባይወድም ነው፤ ባይመጣ ይጎዳል። ወደ አትክልት ክበብ የሚመጣ ሰው ግን ደስ ስለሚለው ይመጣል። ደስታውን ከነሣነው ወደ ጓሮው ይመለሳል፤ ያወቀውን ነገር ለብቻው ያውቃል፣ የጠፋበትም ለብቻው ይጠፋበታል።

ሌላም ነገር አለ። ከርእስ ውጭ የምንለው ጨዋታ ሁልጊዜ ከርእስ ውጭ አይደለም። የሱሉልታ አባት ጎረቤታቸውን ጧት መንገድ ላይ ሲያገኙ በአፋን ኦሮሞ «አካም ቡልተኒ?» ብለው አያበቁም። ልጆቹ ደኅና ናቸው? ከብቶቹስ? ዝናቡስ እንዴት ነው በናንተ በኩል? ይላሉ። ይህ ሰላምታ ነው ብለን ልንቆርጠው እንችላለን። ነገር ግን ከብቱ መታመሙ፣ ዝናቡ መዘግየቱ፣ ሌሊት ውርጭ መጣሉ የሚሰማው እዚያው ሰላምታ ውስጥ ነው። በአማርኛውም ቢሆን «እንዴት ከረማችሁ» የሚለው ቃል ክረምትን በሆዱ ይዟል።

ታዲያ ወሬው ድንች የሚያስበላን መቼ ነው? የማያስበላንስ መቼ? ይህን ስናወጣ ስናወርድ መልሱን ያገኘነው ከደቦ ነው።

ደቦ ላይ የዋለ ሰው ያውቀዋል። በደቦ እንደሚወራው ያህል የትም አይወራም። ቀልድ አለ፣ ተረብ አለ፣ ዘፈን አለ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ማንም ተነሥቶ «ከአጀንዳ እንዳንወጣ» አይልም። ሥራው ግን ከጨዋታው ጋር ይሄዳል እንጂ አይቆምም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እጅ ተይዟል። ወሬ የበዛበት ሰው ከትልሙ ወደ ኋላ ሲቀር ሁሉም ያየዋል፤ ቅጣት ሳይጣልበት ሣቅ ብቻ ይበቃዋል። እንደ ክበባችን በረንዳ ሥር በተደረደረ አግዳሚ ላይ ግን የማንም እጅ ሥራ አልያዘም፣ ዓይንም ከመደቡ ላይ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ምላስ ሜዳውን ለብቻዋ ትይዘዋለች፤ ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል እንዲሉ መመለሻም የለውም። ስለዚህ የተሳሳትነው በማውራታችን ሳይሆን ተቀምጠን በማውራታችን ነበር ማለት ነው።

ይህን ያወቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1989 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ በኢንዶኔዥያ የሩዝ ገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት ተጀመረ። ችግራቸው ሩዙን የሚጨርስ ተባይ ነበር፤ መድኃኒት በረጩ ቁጥር የተባዩ ጠላቶች የሆኑት ነፍሳት እያለቁ ተባዩ ይበዛ ነበር። ሃያ አምስት ያህል ገበሬዎች በሳምንት አንድ ቀን ይገናኛሉ። መጀመሪያ በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው ማሳው ውስጥ ይገባሉ፤ ቅጠል ይገለብጣሉ፣ ተባይ ይቆጥራሉ። ከዚያ ወጥተው ያዩትን በትልቅ ወረቀት ላይ ይሥላሉ፣ ለሌሎቹም ያስረዳሉ። አስገራሚው ነገር በመርሐ ግብሩ ውስጥ ለጨዋታ ራሱን የቻለ ጊዜ መመደቡ ነው። ሰዎቹ የሚሥቁበት፣ የሚላመዱበት፣ አብረው መሥራትን የሚለማመዱበት ጊዜ ነው፤ ከማሳው ቀጥሎ በተራው ይመጣል። መላው ኋላ በእስያና በአፍሪቃ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል።

እኛም ሕጋችንን ሰርዘን እንደገና ጀመርን። ቅጣቱ ቀረ። የተሰበሰበውም ብር (ከአዘጋጆቹ ኪስ የወጣው ይበዛ ነበር) ለቡና መግዣ ሆነ። አሁን ቅዳሜ ስንገናኝ አንቀመጥም። አምስት አምስት ሆነን መደቡ ውስጥ እንገባለን፤ እያንዳንዱ ቡድን ዐሥር እግር ተክል እየመረጠ ከላይም ከሥርም ያያል፣ እያየም ያርማል። በዚህ ጊዜ ስለ አርሰናልም ሆነ ስለ ምደባ ማውራት ይቻላል፤ እጅ አረም ላይ፣ ዓይን ቅጠል ላይ ስለሆነ ጉዳት የለውም። ከዚያ ቡና ይቀርባል። አቦል የአትክልቱ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን ያየውን ይናገራል፣ መጀመሪያ የሚናገረውም በቡድኑ ውስጥ ዝም ያለው ሰው ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያስገባናት ያንን የሱሉልታ ልጅ አስበን ነው። ቶና የጨዋታ ነው። በረካ ላይ ደግሞ በጨዋታው መካከል ሹልክ ብሎ የወጣ ቁም ነገር ካለ ተመልሶ ይነሣል፤ ለዚህ አንድ ሰው ደብተር ይይዛል።

ደብተሩ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ ይህን ይስማ። በግቢያችን የሚሠሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው የቡራዩ ሴት አሉ። አንድ ቅዳሜ ቶና ላይ ጀልዱ ስለተደረገው የዘመዳቸው ሰርግ ይነግሩናል። ሚዜዎቹ ምን እንደለበሱ፣ ጠጁ እንዴት እንዳለቀ፣ ዝናብ ድንኳኑን እንዴት እንደጣለው። ረጅም ነበር፤ ከአምና ሕጋችን አንጻር ከሃያ ብር ያላነሰ ያስቀጣ ነበር። በመሐል ዝናቡ ሲያባርራቸው የተጠለሉበትን ቤት ጠቀሱ፦ «ግድግዳው ክፍት፣ ጣሪያው ሣር፣ ውስጡ እስከ ላይ ድረስ የባሕር ዛፍ ቆጥ፤ ቆጡ ላይ ድንች ተዘርግቷል፣ አረንጓዴ ሆኗል፤ የሚበላ መስሎኝ ልወስድ ስል ሣቁብኝ።» ወሬው ወደ ሙሽራዋ አለፈ። ደብተር ያዡ ግን «ቆጥ፣ አረንጓዴ ድንች» ብሎ ጻፈ። በረካ ላይ «እማማ፣ እስቲ ያ የድንች ቤት እንዴት ነበር የተሠራው?» ተባሉ።

ያ ቤት የዘር ድንች ማቆያ ነው። ከሆለታ እየወጣ በምዕራብ ሸዋ የተስፋፋ አሠራር ሲሆን ጥበቡ ብርሃኑ ላይ ነው። ዘር ድንች በጨለማ ጉድጓድ ወይም በጆንያ ሲቀመጥ ጎንቁሉ ነጭ፣ ቀጭንና ረጅም ይሆናል፤ ሲያወጡት ይሰበራል። ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው፣ ነገር ግን ብርሃንና ነፋስ በሚዞርበት ቦታ በቆጥ ላይ ሳስቶ ቢዘረጋ ግን ጎንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል፤ ለወራት ይቆያል፤ ሲተከልም ቶሎ ይበቅላል። አረንጓዴ የሆነው ድንች ለዘር እንጂ ለምግብ አይሆንም፤ መርዝነት አለው። የተሣቀባቸውም ለዚህ ነው። እኛም ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ በባሕር ዛፍ እንጨት አራት ቆጥ ሠራን።

እዚህ ላይ ለነገ መምህራን አንድ የአነጋገር ነገር እንጨምር። እማማን ሰርጉ መካከል አቋርጠን «ስለ ድንቹ ብቻ ይንገሩን» ብንል ኖሮ ቅር ብሏቸው ዝም ይሉ ነበር። ታላቅ ሰው ሲናገር አይቆረጥም፤ ቢቆረጥም የሚገኝ ነገር የለም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ከራሳቸው ቃል አንድ ጫፍ ይዞ መመለስ ግን ለተናጋሪው ክብር ነው፤ የተናገርኩትን ሰምተውኛል ያሰኛል። ክፍል ውስጥም ያው ነው። ስለ ካሮት እያስተማርን አንድ ልጅ ስለ አጎቱ በግ ቢጀምር፣ በጉ ካሮቱን ሳይበላው አይቀርም፤ ትንሽ ታግሦ መጠበቅ ነው።

እርግጥ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለው አንድ አስተዳደር ቢሆኑም፣ ለልምምድ የወጣ ሠልጣኝ ልዩነታቸውን ያየዋል። በቡራዩ ብዙው ነዋሪ ከየአቅጣጫው የመጣ፣ አጥር ለአጥር እየኖረ የማይተዋወቅ ነው። እዚያ የወላጆች የአትክልት ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ አገር ቤት የት ነው፣ ልጆች ስንት ናቸው መባባል የግድ ነው፤ ሳይተዋወቁ የቆስጣ ዘር የሚለዋወጡ ሰዎች አላየንም። በሱሉልታ ግን በተቃራኒው ሰው ይተዋወቃል፤ የከብትና የድርቆሽ ወሬ ከተጀመረ ፀሐይ ትጠልቃለች። እዚያ መደቡን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በሰበታ በኩል የገጠመን ሌላ ነው፤ ሰዎቹ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥተው ስለሚመጡ ደክሟቸዋል፤ አጭር ጉብኝት፣ አጭር ቡና።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ሁሉ ሰምተው አልተስማሙም። «ጨዋታ በሰዓት አይገደብም፤ ቶና ላይ የለቀቃችሁትን በረካ ላይ አትሰበስቡትም» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለት ቅዳሜ በረካውን ሳንደርስበት ደወል ተደውሏል። ደግሞም ጨዋታ ፈጽሞ የማይገባበት ጊዜ እንዳለ ያስገነዘቡን እሳቸው ናቸው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ቆሞ፣ ገና ሲመሽ እጅ የሚቆረጥም ብርድ ከመጣ ሌሊቱን ውርጭ ሊጥል ይችላል። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ ስለሆነ እንደ ሱሉልታ ሜዳ ባለ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። በዚያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ መደቡን ውኃ ማጠጣት፣ ማታ ሲሆንም በጭድ ወይም በሣር መሸፈን ያስፈልጋል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ቅዳሜን ሳይጠብቅ፣ እጅም ሳያወጣ መሣሪያ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለውን ብረት ይደውላል። ለዚህ ቡና አይፈላም። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ተደውሏል፤ አንዱ በስሕተት ነበር፤ ማንም አልተቆጣም።

አባላቱ ወደ ሃያ ስድስት ተመልሰዋል። የሰፈሩ እናቶችም መምጣት ጀምረዋል፤ ያቺ ነቅፋን የነበረችው እናት ባለፈው ቅዳሜ የጌሾ ችግኝ ይዛ መጥታ የታመመ ሰው አለ ወይ ብላ አስቀድማ ጠየቀችን። ከአራቱ ቆጦች ሁለቱ ሞልተዋል፤ የእነዚህ ዘር ለሱሉልታው ትምህርት ቤት ነው፤ በልጆቹ ስም ተጽፎበታል፣ ማንም እንዳይነካው። የቀሩትን ሁለት ቆጦች የሚሞላ ዘር የሚፈልግ ክፍል ተወካዩን ይላክ። በመጪው ቅዳሜ የሦስተኛው ቡድን ተራ ነው፤ ኩትኳቶ የሌለው በእጁ ያርማል። ስለ ምደባ አዲስ ወሬ የሰማ ካለ ለቶና ያቆየው።